ግቤ ሐይቅ ላይ ክረምቱን ሙሉ ማስገር ቢከለከል አስጋሪው በምን ይኖራል?

አሰንዳቦ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ዞን ውስጥ የጊልጌል ግቤ አንደኛ ግድብ ባቆረው ሐይቅ ላይ የሚሠራ አንድ የአስጋሪዎች ማኅበር ደንብ እንዲያወጣ እያገዝን ነው። የሚወጣው ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) መጠኑ እያነሰ መጥቷል። ድሮ አራት ዓሣ አንድ ኪሎ ይሞላ ነበር፣ አሁን ስድስትና ሰባት ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት ከሰኔ እስከ መስከረም ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ የሚሉ አባላት አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ልጆቻችንን ክረምቱን ምን እናበላ?» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገሩን የሚያከብደው ከአባላቱ ውጭ ፈቃድ የሌላቸው ወጣቶች ማስገራቸው ነው። ዳር ላይ ዓሣ እየበለቱ ፊሌቶ የሚያወጡ ሴቶችም አሉ፣ እነሱ በስብሰባው ላይ አልተቆጠሩም።

ጥያቄያችን ሦስት ነው። መዝጋት ካለብን የትና መቼ? የመረብ ዓይን ስፋት ስንት ይሁን፣ እንዴትስ ይለካ? በመዝጊያው ወቅት ገቢው እንዳይቋረጥ በተግባር ምን ይደረጋል? የምታውቁትን በዝርዝር ብትጽፉልን ደንቡ ላይ ቃል በቃል እንጠቀምበታለን።

የወንዝ አፍ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዓሣዎቹን ለያይታችሁ ተመልከቱ። ሐይቁ ውስጥ ያሉት በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ አይራቡም። «ክረምቱን ይዘጋ» የሚለው ሐሳብ ለአንዱ ይሠራል፣ ለሌላው ብዙም አይጠቅምም።

ባርበስ (ቢልጫ የምትሉት) ክረምት ሲገባ፣ የመጀመሪያው ድፍርስ ጎርፍ ሲወርድ፣ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ወንዞቹ ይሄዳል። እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር ላይ፣ ውሃው በሚፈስበትና አየር በሚያገኝበት ቦታ ነው። ከመውጣቱ በፊት ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ ለቀናት ይከማቻል። ዋናው አደጋ እዚያ ነው። አንድ መረብ ወንዙን አቋርጦ ቢዘረጋ የዓመቱን እናት ዓሣ በአንድ ሌሊት ማንሳት ይችላል። ጣና ላይ የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ በኋላ ወንዝ አፍ ላይ የተከማቸው ባርበስ ተሰብስቦ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዐሥር ዓመታት በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የባርበስ ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ወረደ። ሐይቁ ሰፊ መሆኑ አላዳነውም፣ ምክንያቱም የተመታው ጠባቡ በር ነበር።

ቆሮሶ ሌላ ነው። ወንዱ ዳር ላይ፣ ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር ብዙም በማይበልጥ አሸዋማ ወይም ጭቃማ መሬት ላይ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል። እናትየዋ እንቁላሉን እዚያ ጥላ፣ ወዲያው በአፏ ለቅማ ትሄዳለች። ሁለት ሳምንት ያህል እንቁላሉንና ጫጩቶቹን በአፏ ይዛ ትቆያለች፣ በነዚያ ቀናት ብዙም አትበላም። ውሃው ሞቃት ከሆነ በዓመት ውስጥ ደጋግማ ትራባለች። ስለዚህ ለቆሮሶ ከወቅት ይልቅ ቦታውና መሣሪያው ይበልጣል። ዳር ዳሩን እየጠረገ የሚጎተት መረብ ጎጆውንም፣ ጫጩቱንም፣ መሸሸጊያውን ሣርም አብሮ ይወስዳል።

አምባዛ ደግሞ በክረምት ውሃ በተኛበት ሣር ውስጥ ይራባል።

ምክሬ ይህ ነው። ሐይቁን ክፍት ተዉት፣ የወንዝ አፎችን ዝጉ። ጊልጌል ግቤ ራሱ የሚገባበትን አፍ፣ ናዳ ጉዳን፣ ሌሎቹንም ባርበስ የሚወጣባቸውን ገባሮች። ከአፉ ወደ ሐይቁ 500 ሜትር፣ ወደ ወንዙ ደግሞ ጠጠሩ እስካለበት ድረስ። ጊዜውን በቀን መቁጠሪያ ብቻ አታስሩት፣ ዝናቡ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። «የመጀመሪያው ድፍርስ ጎርፍ ከታየበት ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም 30» ብላችሁ ጻፉ። የሚጎተት መረብ ግን ዓመቱን ሙሉ፣ በሐይቁ ዙሪያ ሁሉ ይከልከል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በዚህ አገር ሁሌ ይረሳል። በበጋ ወንዙ ሲቀንስ የባርበስ ጫጩቶች ጥልቅ በሆኑ የወንዝ ጉድጓዶች ውስጥ ተከማችተው ይቆያሉ። እዚያ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ሲጣል ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉም ይሞታል፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የዓሣውን የመተንፈስ ኃይል ያቋርጣል። ብርብራ ቡናችንን የሚያጠላ ዛፍ ስለሆነ በየጓሮው አለ፣ ፍሬው በነፃ ይገኛል። የወንዝ አፉን ክረምት ጠብቃችሁ በጋ ላይ ብርብራውን ካላስቆማችሁ ድካማችሁ ከንቱ ነው። ይህን የሚያደርጉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የማኅበሩ አባላት አይደሉም፣ የላይኛው ቀበሌ ልጆች ናቸው። ደንቡ እዚያ ካልተነገረ አይሠራም።

መረብ ሠሪ፦
ስለ መረቡ እኔ ልመልስ። በየቦታው ጠብ የሚያነሳው «8 ሳንቲ ሜትር» ብሎ ጽፎ እንዴት እንደሚለካ አለመናገር ነው። ነጋዴው አንዱን ጎን ብቻ ለክቶ «5 ነው» ይላል፣ ተቆጣጣሪው ወጥሮ ለክቶ «10 ነው» ይላል፣ ሁለቱም ስለ አንድ መረብ ነው የሚያወሩት። ደንቡ ላይ «ተወጥሮ፣ ከቋጠሮ ወደ ትይዩው ቋጠሮ» ብላችሁ ጻፉ። ሲለካ መረቡ እርጥብ ይሁን፣ ተከታታይ 10 ዓይኖችን አንድ ላይ ወጥሩ፣ ርዝመቱን ለ10 አካፍሉ። 100 ሳንቲ ሜትር ከመጣ ዓይኑ 10 ነው። በኢንች የተሸጠ ከሆነ 4 ኢንች ወደ 10፣ 3 ኢንች ወደ 7.6 ሳንቲ ሜትር ነው።

ለቆሮሶ እንደ ግምት መነሻ፣ የሚያዘው ዓሣ ርዝመት ከዓይኑ ስፋት ከሁለት እጥፍ ትንሽ ይበልጣል። 8 ሳንቲ ሜትር መረብ ከ17 እስከ 19 ሳንቲ ሜትር የሆነውን፣ 10 ሳንቲ ሜትር ደግሞ ከ21 እስከ 24 የሆነውን በብዛት ይይዛል። ባርበስ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ በዚያው ዓይን ረዘም ያለው ይያዛል። ግን ከሌላ ሐይቅ ቁጥር አትበደሩ። ቆሮሶ ለመራባት የሚደርስበት ርዝመት ከሐይቅ ሐይቅ በእጅጉ ይለያያል። ራሳችሁ ፈትሹ፦ ከተለያየ የዓይን ስፋት መረብ የወጡ ቢያንስ 200 ዓሦች ሰብስቡ፣ ርዝመታቸውን ለኩ፣ ሆዳቸውን ከፍታችሁ እንቁላል የያዙትን ለዩ። ዓሦቹን በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ርዝመት መድቡ፣ ከሴቶቹ ግማሹ እንቁላል የያዘበት ምድብ የእናንተ መነሻ ነው። መረቡ ከዚያ በላይ የሆነውን የሚይዝ ይሁን። ይህን ሥራ የዩኒቨርሲቲው የግብርና ተማሪዎች አብረዋችሁ ሊሠሩት ይችላሉ፣ ሚዛንና ማስመሪያ እንጂ ሌላ ዕቃ አይጠይቅም።

የዓይን ስፋት ብቻውን ግን ይሸወዳል። መረቡ ገመዱ ላይ ሲሰፋ ምን ያህል እንደተኮማተረ ወሳኝ ነው። 200 ሜትር የተወጠረ መረብ በ100 ሜትር ገመድ ላይ ቢሰፋ ግማሽ በግማሽ ነው። ዓይኑ አልማዝ ቅርጽ ይዞ ይከፈታል፣ ዓሣውን በመጠኑ ይመርጣል። ያው 200 ሜትር በ70 ሜትር ገመድ ላይ ከተሰፋ መረቡ ይላላል፣ ይጠቀለላል፣ ትልቁንም ትንሹንም አጥምዶ ይይዛል። ስለዚህ «የገመዱ ርዝመት ከተወጠረው መረብ ከግማሽ በታች እንዳይሆን» የሚል መስመር ጨምሩ። የ10 ሳንቲ ሜትር ዓይን ያለው 100 ሜትር መረብ ለመሥራት በርዝመት 2,000 ዓይን፣ በቁመት 35 ዓይን ይበቃል። ውሃ ውስጥ ወደ 3 ሜትር ቁመት ይሰጣል።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ። ትንሽ ዓይን ያለው መረብ ለድሃ አስጋሪ ያለው ሀብት በሙሉ ነው። ሰብስባችሁ ካቃጠላችሁት ከዓሣ ነጋዴው ተበድሮ ሌላ ይገዛል። ዕዳውን የሚከፍለው ነጋዴው በቆረጠው ዋጋ ዓሣ እየሸጠ ነው። ዋጋው ስለወረደ ደግሞ ብዙ ማስገር አለበት። ዓሣ ለመጠበቅ የተወሰደው እርምጃ ዓሣውን ያስጨርሳል ማለት ነው። ስለዚህ ለውጡ በልዋጭ ይሁን፦ አስጋሪው አሮጌውን ያመጣል፣ ተንሳፋፊውን፣ እርሳሱንና ገመዱን ፈታችሁ ትመልሱለታላችሁ፣ ጨርቁን (ዓይን ያለውን የመረቡን ክፍል) ብቻ ቀይራችሁ ትሰፉለታላችሁ። ገመድ፣ እርሳስና ተንሳፋፊ ዓመታት ይቆያሉ፣ እነሱን ድጋሚ መግዛት ብክነት ነው። መጀመሪያ ከ6 ሳንቲ ሜትር በታች ያሉትን፣ በሁለተኛው ዓመት ከ8 በታች ያሉትን ቀይሩ። በአንድ ጊዜ 10 ላይ ብትዘሉ ለጥቂት ወራት መረቡ ባዶ ይወጣል፣ በዚያን ጊዜ ደንቡ ይፈርሳል።

ነጠላ ክር የሆነውን፣ እንደ ዓሣ መንጠቆ ክር የሚያበራውን የፕላስቲክ መረብም ከልክሉ። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይበጠሳል፣ ተበጥሶ የቀረው ደግሞ ከውሃ በታች ማንም ሳያነሳው ዓሣ ሲገድል ይከርማል።

አሰንዳቦ ዳር፦
እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይህ እንፈልገው የነበረ ነገር ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ማዳጋስካር ውስጥ የባሕር ዳር መንደሮች ለጥቂት ወራት ዘግተው ሲከፍቱ ብዙ አገኙ የሚል በስብሰባው ላይ ተነስቷል፣ «እኛም እንደነሱ ሦስት ወር እንዝጋ» ተብሏል። ሌላው፣ ኃይል ማመንጫው ውሃውን ሲለቅ የቆሮሶ ጎጆ ደረቅ ላይ ይቀራል፣ ዓሣውን የጨረሰው እሱ ነው እንጂ እኛ አይደለንም የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ባሕርና ሐይቅ፦
የማዳጋስካሩ እውነት ነው፣ ግን ዓሣ አልነበረም፣ ኦክቶፐስ ነው። በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር በአንዳቫዱአካ እ.ኤ.አ. በ2004 ተጀመረ። ሙሉውን ባሕር አልዘጉም፣ ከመንደሩ ማስገሪያ አንድ አምስተኛ ያህሉን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር። የሠራበት ምክንያት የእንስሳው ተፈጥሮ ነው። ኦክቶፐስ ዕድሜው አጭር ነው፣ በወራት ውስጥ ክብደቱ በእጥፍ በእጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ የተዘጋው ቦታ ሲከፈት ሰዉ ትርፉን ወዲያው በዓይኑ አየ፣ ሌላው አራት አምስተኛ ክፍት ስለነበርም ምድጃ አልጠፋም። ቆሮሶ በሦስት ወር እንዲህ አያድግም፣ ባርበስማ ይበልጥ ቀርፋፋ ነው። ሦስት ወር ዘግታችሁ በመስከረም የሞላ መረብ ብትጠብቁ ታዝናላችሁ፣ «ዋሽተውናል» የሚለውም ያኔ ይጀምራል። ከነሱ የሚወሰደው ሌላ ነው፦ ከፊሉን መዝጋት፣ ቦታውን መንደሩ ራሱ መምረጡ፣ ኦክቶፐስ የሚለቅሙት በብዛት ሴቶች ስለነበሩ ውሳኔው ውስጥ መግባታቸው። የሚከፈትበትን ቀንም አስቡበት። በአንድ ጠዋት ሁሉም ተሯሩጦ ከገባ የሦስት ወሩ ዕድገት በሦስት ቀን ያልቃል።

በባሕር ጥበቃ ዓለም ውስጥም የሚነሳው ክርክር ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አገሮች በሞንትሪያል እስከ 2030 ድረስ ከየብስና ከባሕሩ 30 በመቶውን ለመጠበቅ ተስማምተዋል። በካርታ ላይ 30 በመቶ ማቅለም ቀላል ነው። ግን ለአስጋሪው ቅርብ የሆነው ጥልቀት የሌለው ዳር ተከልሎ ጥልቁ ቢቀርለት፣ ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው ሙሉ በሙሉ ተባረረ ማለት ነው። የእናንተ ሐይቅ ላይም የሚከለለው ቦታ በዋናነት በእግሩ ገብቶ የሚያሰግረውን ብቻ የሚነካ እንዳይሆን ካርታውን ስትስሉ እዩት።

ስለ ውሃው ደግሞ ከፊሉ እውነት ነው፣ የተባለው ምክንያት ግን ትክክል አይደለም። ከላይ እንደተጻፈው የቆሮሶ እናት እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትሄዳለች፣ ጎጆው ውስጥ አትተወውም። ስለዚህ ጎጆው ቢደርቅ ጫጩቱ አብሮ አይደርቅም። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ውሃው ከጥቅምት በኋላ እየቀነሰ ሲሄድ ጫጩቶቹ የሚያድጉበት ሣርና ቁጥቋጦ ያለበት ዳር ይደርቃል፣ ትንንሾቹ ራቁት ጭቃ ላይ ለወፍና ለመረብ ይጋለጣሉ። የሚጎተት መረብ በጣም የሚጎዳው ያን ጊዜ ነው። ውሃው ሲሸሽ የወጣው መሬት እስከ ውሃው ጫፍ ከታረሰ ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት አፈሩ ታጥቦ ይገባል። ግድቡን ከምትከሱ ይልቅ ውሃው የሸሸበትን ዳር ሣር እንዲበቅልበት ተዉት፣ ያ በእጃችሁ ያለ ነገር ነው።

የበረዶ ሣጥን፦
ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካውም፣ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። አስጋሪው በትንሽ ዓሣ ብዙ ካላገኘ የትኛውም ደንብ አይቆምም።

ብክነቱ የሚጀምረው መረቡ ውስጥ ነው። ማታ 12 ሰዓት የተዘረጋ መረብ ጠዋት 3 ሰዓት ከተነሳ በመጀመሪያ የተያዘው ዓሣ ሞቶ ሰዓታት አልፈውታል። ሌሊት አንዴ፣ ካልሆነም ጎሕ ሲቀድ ማንሳት ብቻውን የሚጣለውን ይቀንሳል። ቀጥሎ በረዶ ነው። 30 ኪሎ ቆሮሶን ከ25 ዲግሪ ወደ 0 ለማውረድ ብቻ 8 ኪሎ ያህል በረዶ ይቀልጣል። ሣጥኑ በሚያስገባው ሙቀትና በመንገድ ላይ የሚቀልጥም ስላለ በተግባር ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ያዙ። የበረዶ ማሽን ከሌለ የ2 ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ 1.7 ሊትር ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አድርጉ፣ 18 ጠርሙስ ለ30 ኪሎ ዓሣ ይሆናል። እስከ አፉ ከሞላችሁት ጠርሙሱ ይሰነጠቃል። ጠርሙስ ከዓሣው ጋር በደንብ ስለማይነካካ ሣጥኑ ውስጥ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበት፣ ቅዝቃዜውን ውሃው ያዳርሰዋል። ሣጥኑ ከታች ውታፍ ያለው ቀዳዳ ይኑረው፣ ጅማ ሲደርስ የደም ውሃው ይለቀቃል።

ፊሌቶ ከሙሉው ክብደት ሲሶ ያህል ነው፣ 30 ኪሎ ቆሮሶ 10 ኪሎ ይወጣዋል። ትንሽ ዓሣ ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ፣ ድካሙም እጥፍ። ለሴቶቹ ይህን በሚዛን አሳዩአቸው፦ 10 ኪሎ ፊሌቶ ከ150 ግራም ዓሣ ለማውጣት 200 ዓሣ መበለት ያስፈልጋል፣ ከ300 ግራም ዓሣ ግን 100 ይበቃል። ትልቅ ዓይን ያለውን መረብ ከሁሉ በፊት የሚደግፉት እነሱ ይሆናሉ።

ሙሉ ክረምት መዝጋትን የምቃወምበት ሌላ ምክንያት ገበያው ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከተዘጋ የሰኔ ጾምም፣ ነሐሴ 1 የሚገባው ፍልሰታም አብረው ይዘጋሉ። በጾም ዓሣ የሚበላው ሰው ብዙ ነው፣ የከተማው ምግብ ቤቶችም ያን ጊዜ አጥብቀው ይፈልጋሉ። ሐይቁ ተዘግቶ ፍላጎቱ ካልተዘጋ ዋጋው ይሰቀላል፣ ሌሊት ተደብቆ የሚያሰግረው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ትልቁን ገንዘብ ያገኛል። ደንቡን ላከበረው ቅጣት፣ ለጣሰው ሽልማት ይሆናል። ወንዝ አፉን ብቻ ዘግታችሁ የሐይቁን መሐል ክፍት ካደረጋችሁ ይህ አይመጣም።

ስለ ኩሬም ልናገር፣ «የዓሣ ኩሬ እንቆፍርላቸው» የሚል ሰው ሁሌም ስለማይጠፋ። በ100 ካሬ ሜትር ኩሬ ላይ በካሬ 2 ጫጩት ቢጣል 200 ነው። 80 በመቶው ተርፎ እያንዳንዱ 200 ግራም ቢደርስ በአንድ ዙር 32 ኪሎ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃው ቀዝቀዝ ይላል፣ ቆሮሶ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ዙሩ ከግማሽ ዓመት በላይ ይወስዳል። ለቤት ወጥ ጥሩ ነው። የአስጋሪን ገቢ ግን አይተካም፣ ተክቷል ተብሎ መረቡ እንዳይወሰድበት።

ሒሳብ ያዥ፦
ከላይ ባሉት እስማማለሁ፣ ግን ሁላችሁም የጀልባውንና የመረቡን ቁጥር ዘለላችሁት። ዓይኑ 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ወንዝ አፉም ተጠብቆ፣ መረቡ በየዓመቱ ከጨመረ ዓሣው ያልቃል። ቻሞ ሐይቅ ላይ ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ የተመናመነው መሣሪያው ሳይገደብ አስጋሪው ስለበዛ ነው። ለእያንዳንዱ አስጋሪ የመረብ ጣሪያ ይኑር፣ ለምሳሌ 100 ሜትር የሆኑ 3 መረቦች። መረቡ ላይ የማኅበሩ ቁጥር ያለበት ምልክት ይታሰር፣ ምልክት የሌለው መረብ ውሃ ውስጥ ከተገኘ ባለቤት እንደሌለው ይቆጠር።

ፈቃድ የሌላቸውን ወጣቶች ደግሞ አታባርሯቸው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ የሚያሰግር ፈቃድ እንዲይዝ ይላል። ስለዚህ መንገዱ መመዝገብና በጣሪያው ውስጥ ማስገባት ነው። ውጭ የቀረ ሰው ደንቡን የሚያከብርበት ምክንያት የለውም፣ ሌሊት ማን እንደሚያሰግርም ከናንተ በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

መዝገቡን ዛሬ ጀምሩ፣ ደንቡ እስኪጸድቅ አትጠብቁ። ማረፊያው ላይ አንድ ደብተር ይበቃል፦ ቀን፣ ስንት መረብ፣ ስንት ሌሊት፣ የዓይን ስፋት፣ በየዓይነቱ ስንት ኪሎ፣ ከቆሮሶው ሳይመረጥ የተነሱ 30 ዓሦች ርዝመት። ጠቅላላ ኪሎውን አይታችሁ አትደሰቱ። 3 መረብ 12 ኪሎ ካመጣ በመረብ 4 ኪሎ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 6 መረብ 15 ኪሎ ካመጣ ጠቅላላው ጨምሯል፣ በመረብ ግን ወደ 2.5 ኪሎ ወርዷል። ሐይቁ ምን ላይ እንዳለ የሚነግራችሁ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ሲመዘገብ መርጦ ትልቅ ትልቁን መለካት የተለመደ ስህተት ነው፣ ከቅርጫቱ በላይ ያሉትን 30 እንዳሉ ይለኩ።

ቅጣቱ በደረጃ ይሁን። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ መረቡ ለ15 ቀን ይያዝ፣ ሦስተኛ ከመዝገብ ለአንድ ወቅት ይታገድ። ለጠባቂው ከቅጣቱ ገንዘብ ድርሻ እንዳትሰጡ፣ ከሰጣችሁ ጥፋት እንዲበዛ የሚፈልግ ሰው ቀጠራችሁ ማለት ነው። ጥበቃው በተራ ይሁን፣ ሁለት ሁለት ሰው፣ አንዱ ከአንዱ ቀበሌ፣ ሌላው ከሌላው።

አሰንዳቦ ዳር፦
ተመካክረን ወደ ወንዝ አፉ ሐሳብ አድልተናል። የቀረን ድንበሩን ማስመር ነው። ግንቦት ላይ ያለው የወንዝ አፍና መስከረም ላይ ያለው አንድ ቦታ አይደለም፣ ውሃው ሲሞላ ብዙ ርቀት ወደ ላይ ይሸሻል። ከየት ላይ ነው 500 ሜትሩ የሚቆጠረው?

የወንዝ አፍ፦
እህቴ ወይም ወንድሜ፣ ደንቦች የሚፈርሱት በትክክል እዚህ ነው። በሁለት ዓይነት ምልክት ሥሩ።

አንዱ የማይንቀሳቀስ ነው። ሐይቁ ሲሞላ ውሃው የሚደርስበትን ከፍተኛ ጫፍ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆናችሁ ለዩ። ከዚያ በላይ፣ በወንዙ ሁለት ዳር፣ ትልልቅ ዛፍ ወይም ድንጋይ ላይ ነጭ ቀለም ቀቡ። ከዚያ ወደ ላይ ያለው ወንዝ በመዝጊያው ወቅት ሁሌም ዝግ ነው፣ የሐይቁ መጠን ምንም ቢሆን።

ሁለተኛው ተንሳፋፊ ነው። ቢጫ የ20 ሊትር ጄሪካን ክዳኑን በደንብ አጥብቃችሁ፣ 40 ኪሎ ያህል ድንጋይ በሞላ ማዳበሪያ ከረጢት እሰሩት። ገመዱን አሁን ባለው ጥልቀት ልክ አትቁረጡት። ውሃው በክረምት ሜትሮች ስለሚጨምር ገመዱ አጭር ከሆነ ጄሪካኑ ይሰጥማል ወይም ከረጢቱን እየጎተተ ይሄዳል። ውሃው ሞልቶ ከሚደርስበት ጥልቀት አንድ ተኩል ጊዜ ይሁን። በየ100 ሜትሩ አንድ፣ በግማሽ ክብ። በየ15 ቀኑ፣ ተረኛ ጠባቂዎቹ ድፍርሱ ውሃ ከጥሩው ጋር የሚገናኝበትን መስመር አይተው 500 ሜትሩን ከዚያ ቆጥረው ያዛውሩት። ያዛወሩበትን ቀን መዝገቡ ላይ ጽፈው ሁለቱም ይፈርሙ፣ «ትናንት እዚህ አልነበረም» የሚል ክርክር የሚቆመው በዚያ ነው። ጄሪካን መሰረቁ አይቀርም፤ ጎኑን በቢላ ሁለት ቦታ ብሱትና ውስጡን ውሃ የማይመጥ ነጭ የማሸጊያ ፎም ሙሉበት፣ ውሃ መያዣ ስለማይሆን ማንም አይወስደውም፣ ቢበሳም አይሰጥምም።